ስምንተኛው ክፍል፣ በአራት ሰዓት

የማኅበራችን መጽሔት አዘጋጅ ደወለልኝ። «ጋሽ በቀለ፣ የቦክሰኛው ፊልም ዘጠነኛ ክፍል ሊወጣ ነው። እርስዎ ስምንቱንም ያጫወቱ ሰው ነዎት። አሁንም አዲስ ነገር አለው ወይስ አርጅቷል? አንድ ገጽ ይጻፉልን» አለኝ። ስለ ማርጀት አስተያየት ሲፈለግ ወደ እኔ መደወሉ ትክክል ነው፤ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ የሚያሰማው ድምፅ ብቻውን አንድ ገጽ ይሞላል። እሺ አልኩት። ግን ብዕር ሳነሳ፣ ስለ ፊልሙ የማውቀው ሁሉ ከአንድ ወዳጄና ከአንድ ውሸቴ ጋር ተጠቅልሎ መጣ። አንድ ገጽ አልበቃም። አዘጋጁ ይቁረጠው፤ እኔም ዕድሜዬን የኖርኩት ፊልም ስቆርጥና ስቀጥል ነው፣ አልቀየመውም።

ሙያዬ ፊልም ማጫወት ነበር። አዲስ አበባ «ኦፕሬተር» ይባላል፤ እዚህ ስቶክሆልም ደግሞ «ማሺኒስት» ነው። ለአገር ቤት ዘመዶቼ «ማሺኒስት ሆኛለሁ» ብዬ ጽፌ፣ ባቡር የምነዳ መስሏቸው ለዓመታት ኮርተውብኛል። አላረምኳቸውም። እውነቱን እንዲጽፍ የተጠየቀው እንዲህ ያለ ሰው ነው።

ፊልሙን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። አንድ ጆሮው የማይሰማ ግንበኛ አለ፤ ጡብ ሲደረድር ይውልና አመሻሽ ላይ ይቧቀሳል። በየክፍሉ የሚበልጠው ሰው ይመጣበታል፣ ይደበደባል፣ ይወድቃል፣ ይነሳል። ከገመዱ ውጭ ጥግ ላይ ጓደኛው ቆሟል። የጓደኛው ሥራ ፎጣ መያዝ ነው። ደሙን ይጠርግለታል፣ ውሃ ያጠጣዋል፣ ዱላው ከበዛ ፎጣውን ወርውሮ ግጥሚያውን ያስቆማል። በኛ ጊዜ አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት የገባ ሁሉ ሕጉን ያውቃል። ዋናው ሰውዬ «አክተር» ይባላል፤ አክተር አይሞትም። የሚሞተው የአክተሩ ጓደኛ ነው። አክተሩ የሚናደድበት ምክንያት ያስፈልገዋላ።

የመጀመሪያው ክፍል አዲስ አበባ ሲገባ ገና ሃያ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ሲኒማ ቤት ውስጥ ያለቀውን የፊልም ጥቅል ወደ መጀመሪያው እመልስ ነበር። ሰይድ የሚባል የወሎ ሰው አጠገባችን ካለው ልብስ ሰፊ ቤት ይሠራል። ፊልሙ በሚታይበት ሰዓት እሱ ሱሪ እያሳጠረ ነው፤ መግባት አልቻለም። ስለዚህ በምሳ ሰዓት ሱቁ ደጃፍ ቆሜ ፊልሙን በአፌ አጫወትኩለት፤ ቡጢውን በ«ድሽ»፣ ደወሉን በምላሴ፣ ሕዝቡን በጉሮሮዬ። አራት ቀን ፈጀ። በየመሃሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው። «ፎጣ ያዡስ? ገደሉት?» ይላል። አልገደሉትም ስለው መርፌውን ይሰካና ይተነፍሳል። ከዓመታት በኋላ ፊልሙን እዚሁ ስቶክሆልም በዓይኑ ሲያየው ምን አለኝ መሰላችሁ? «አንተ ያጫወትከው ይሻል ነበር።»

በየፊናችን አገር ለቀን ተጠፋፋን። አንድ ክረምት ሜርስታ ጣቢያ ባቡር እየጠበቅሁ፣ ከኋላዬ አንድ ድምፅ በአማርኛ «ፎጣ ያዡ ደህና ነው?» አለ። ዞር ስል ሰይድ ነው፣ እስከ ጉልበቱ በሚደርስ ካፖርት ውስጥ ሰጥሞ። ሁለታችንም ባቡሩ እስኪያመልጠን ተቃቅፈን ቆምን። ያኔ በየቤቱ እየዞረ አቅመ ደካማ ሽማግሌዎችን የሚያጥብና የሚያለብስ ሠራተኛ ሆኗል፤ ሄምቼንስት የሚሉት ነው። «እኔም ፎጣ ያዥ ሆንኩልህ» እያለ ይስቅ ነበር።

እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ሶደር አካባቢ ያለ ሲኒማ ቤት ውስጥ ጠራጊ ነበርኩ። አንድ ቀን መቀመጫ ሥር ፈንዲሻ ስለቅም ከላይ የማጫወቻው ድምፅ አላማረኝም። ቀበቶው ላልቷል። ደረጃውን ወጥቼ ለሽማግሌው አጫዋች ላስረዳ ብል ቋንቋ የለኝም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ደህናውን ድምፅ በአፌ አሰማሁት፣ ቀጥሎ የታመመውን። ሽማግሌው ማሽኑን ከፈተ፣ ቀበቶውን ነካ፣ መጥረጊያዬን ከእጄ ወስዶ ግድግዳው ላይ አስደገፈው። ስቲግ ይባላል። ያለ እሱ ዛሬም መጥረጊያው እጄ ላይ ነበር።

ስቲግ ሥራ የሚገባው አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ነው። እጁን እስከ ክርኑ ይታጠባል። ነጭ የጥጥ ጓንት ግራ እጁ ላይ ብቻ ያጠልቃል፤ ቀኙ ባዶውን የፊልሙን ጠርዝ እየዳሰሰ የተቀጠለበትን ቦታ ይፈልጋል። አንድ ፊልም አምስትና ስድስት ጥቅል ነው፤ ሁለት ማሽን ጎን ለጎን ቆሞ አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይቀበላል። ሊያልቅ ሲል ስክሪኑ ላይ በስተቀኝ ከላይ ጥግ አንዲት ክብ ምልክት ብልጭ ትላለች። ያኔ ሁለተኛውን ማሽን ታስነሳለህ። ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ሌላዋ ብልጭ ትላለች፤ ብርሃኑን ታሻግራለህ። ታች ያለው ሕዝብ ምንም ካላወቀ ሠርተሃል ማለት ነው። ካወቀ ግን ዞሮ ወደ መስኮትህ ያያል፤ ያን ጊዜ የማጎነብሰው እኔ ነበርኩ፤ ስቲግ አያጎነብስም።

ስክሪኑን አያይም ነበር። በትንሿ መስኮት የሚያየው የተመልካቹን አንገት ነው። ፊልም ሕይወት እንዳለው የሚታወቀው በአንገት ነው ብሎ ያምናል፤ የሞተ ፊልም ሲሆን አንገት ሁሉ ይዞራል፣ ይታከካል፣ ጎረቤቱን ያያል። ሕይወት ካለው ቀጥ ይላል።

ሰማያዊ ደብተርም ነበረው። ለስህተት ብቻ ነው። ሦስት ዓምድ አለው፤ ቀን፣ ስህተት፣ ምክንያት። የቦክሰኛውን ሦስተኛ ክፍል ባሳየንበት የመጀመሪያ ቀን እኔ ጥቅል አራትንና አምስትን አቀያይሬ ጫንኩ። ግንበኛው መጀመሪያ ተነሳ፣ ከዚያ ተደበደበ፣ በመጨረሻ ወደቀ። ከአዳራሹ ወጥተው የጮሁብን ሰዎች ነበሩ። ሰይድ ብቻ ደስ ብሎት «ይሄኛው እንኳ አዲስ ነው» አለ፤ በዕድሜ ልኩ ያንን ቃል ከአፉ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። እኔ በምክንያት ዓምድ ውስጥ «ማሽን» ብዬ ጻፍኩ። ስቲግ እርሳሱን ከእጄ ወስዶ ሰረዘው። አልተቆጣም። ማሽን የሚል ቃል በዚህ ዓምድ አይገባም፣ የገባ ቀን ሰውየው መማሩን አቁሟል ማለት ነው አለኝ። በተሰረዘው ቦታ የኔን ስም ጻፍኩ። ጡረታ ሲወጣ ደብተሩን ለኔ ተወልኝ። የጓንቱንም ግራ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ቦታ ሠራሁ። ሦስት ሲኒማ ቤት፣ አምስት አለቃ፤ አንዱ አለቃ ስሜን ሳይለምድ ጡረታ ወጣ። ክፍያው ቤተሰብ ያኖራል፣ ከዚያ በላይ አያወራም። የቦክሰኛው ፊልም ግን በሄድኩበት ይከተለኛል፤ አራተኛው፣ አምስተኛው፣ ስድስተኛው። አዘጋጁ ስለ አዲስነቱ ለጠየቀው፣ አንገቶቹን ቆጥሬ ልመስክር፤ በአራተኛው ሳል በዝቶ ነበር። በአምስተኛው ሰዉ ቀድሞ ያወራል፣ «አሁን ይወድቃል» ይላል፣ ይወድቃል። በስድስተኛው አንዱ እግሩን ዘርግቶ ተኝቶ ነበር። ሰይድ በሁሉም አለ፣ ሁልጊዜ ከመሃል መተላለፊያው ጎን። ሲያልቅ የሠሪዎቹ ስሞች ሁሉ እስኪያልፉ አይነሳም። ከዚያ ወደኔ ቀና ብሎ «ያው ነው» ይላል። ቀጥሎም «ቀጣዩ መቼ ነው?»

«ያው ከሆነ ምን ትመጣለህ?» ብዬ ጠይቄዋለሁ።

«ያው መሆኑን ላይ ነዋ።»

ምን ማለቱ እንደሆነ ለመረዳት ብዙ ዓመት ፈጀብኝ፤ ፈጣን ሰው አይደለሁም። ያው ማለት ፎጣ ያዡ አለ ማለት ነው።

ሰባተኛው ላይ ጥቅል ቀረ። ፊልም ከመጽሐፍ በማይተልቅ ሳጥን ይመጣ ጀመር። ሳጥኑ የተቆለፈ ነው፤ የሚከፍተው ቁልፍ በኮምፒውተር ለብቻው ይላካል፣ ላዩ ላይ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ሰዓት ተጽፏል። ሰዓቱ ካለፈ ሳጥኑ ጡብ ነው፤ ብትለምነው፣ ብትረግመው፣ እንደኔ በአማርኛ ብታባብለው አይከፈትም። ቀኝ እጄ የሚዳስሰው ነገር አጣ። ጓንቱን ግን ማጥለቄን አልተውኩም፤ ወጣቶቹ ባልደረቦቼ የቆዳ በሽታ ያለብኝ ይመስላቸው ነበር።

ስምንተኛው ክፍል ሊመጣ ሳምንታት ሲቀሩት ሰይድ ሳንባው ታሞ ሶልና ያለው ትልቁ ሆስፒታል ተኛ። ልጠይቀው ስሄድ ሐኪሞቹ ስለነገሩት ነገር አላወራም። «ስምንተኛው ስንት ቀን ቀረው?» ነው ያለኝ። ቆጠርን። ሐኪሞቹ ከሰጡት ቀን ይረዝማል። ሁለታችንም ጣሪያ ጣሪያውን አየን።

ልጁ ሐያት በር ላይ ሸኘችኝ። እዚህ ተወልዳ ያደገች ናት፤ አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በስዊድንኛ ነው። ያኔ ሥራ ይዛለች፣ ከአባቷ ጋር የምትኖረው እሷ ናት። አባዬ ፊልሙን ሳያይ ይሄዳል ወይ ብላ በስዊድንኛ ጠየቀችኝ። አይሄድም አልኳት። ቃሌን ሰጠኋት።

ቃሌ ባዶ አልነበረም። ፊልሙ ለሕዝብ ከመታየቱ ሁለት ሳምንት በፊት ድምፅና ምስል የሚፈተሽበት አንድ ጠዋት አለ፤ ቁልፉ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተከፍቶ ቀን በሰባት ሰዓት ይዘጋል። አለቃዬን ለመንኩት፣ እሺ አለ። አዳራሹን ለሰይድ ብቻ አደርገዋለሁ። ከዋዜማው ስደውል ሰይድ በመድኃኒት ተኝቷል፣ ስልኩን ሐያት አነሳች። የተናገርኩትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«ነገ በአራት ሰዓት አምጪው። አንዲት ደቂቃ እንዳታረፍዱ።»

ጻፍኩት ጋሼ አለችኝ፣ በስዊድንኛ።

በማግስቱ ቀድሜ ገባሁ፣ እጄን እስከ ክርኔ ታጠብኩ፣ ጓንቴን አጠለቅሁ። ከመሃል መተላለፊያው ጎን ለተሽከርካሪ ወንበሩ ቦታ አዘጋጀሁ። አራት ሰዓት ሆነ። አልመጡም። የሰይድ ስልክ ዝግ ነው፤ ሐያት ሥራ ቦታ ናት፣ አታነሳም። አራት ተኩል ሆነ። ብሶበት ይሆናል አልኩ። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። አምስት ሰዓት ሲሆን፣ ዘግይተው ቢመጡ ጫፉን እንኳ ይያዝ ብዬ አስነሳሁትና ወርጄ ሰይድ ቦታ አጠገብ ተቀመጥኩ። በአርባ ዓመት ሥራዬ ፊልም ከታች ሆኜ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

እና ገደሉት። ከመጨረሻው ዙር በፊት ፎጣ ያዡ ጥግ ላይ ደረቱን ይይዛል። ግንበኛውን ይጠራዋል፤ የቆመው ግን በማይሰማው ጆሮው በኩል ነው። ግንበኛው ወደ መሃል ይሄዳል። ፎጣ ያዡ ፎጣውን እንደያዘ ገመዱ ላይ ይንሸራተታል። ብቻዬን በመቶ መቀመጫ መሃል አለቀስኩ። ልክ ሰባት ሰዓት ላይ ስክሪኑ ጠፋ፤ ሳጥኑ ጡብ ሆነ።

በስዊድን አቆጣጠር ልክ አራት ሰዓት፣ በኛ አስር ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። ሐያት ወንበሩን እየገፋች፣ ሰይድ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ጭኑ ላይ ትልቅ የፈንዲሻ ባልዲ አቅፎ። አንዲት ደቂቃ አላረፈዱም። ሐያት ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት በጣቷ አሳየችኝ፣ ፈገግ እያለች። ከሥራ ቀድማ አስፈቅዳ ወጥታለች።

የኔ አራት ሰዓት የጠዋቱ ነው፤ የሷ አራት ሰዓት የከሰዓት በኋላው። «ከጠዋቱ» የምትል አንዲት ቃል ጎደለችኝ። ከዚህ አገር ልጆች ጋር ስንት ዓመት ኖሬ፣ አማርኛችንን እየሰሙ ሰዓቱን በስዊድን ሰዓት እንደሚያነቡት እያወቅሁ። ፈገግታዋን አየሁ። አሁን ብናገር ዕድሜ ልኳን የምትሸከመው ታየኝ።

«ማሽኑ ተበላሽቷል» አልኩ።

ስቲግ ይህን አልሰማም፣ አልፏል። ግን እርሳሱ ከእጄ ሲወሰድ ተሰማኝ።

ሐያት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሰይድ ባዶውን ስክሪን ጥቂት ጊዜ አየና «ታዲያ አንተ አይተኸዋል አይደል?» አለኝ።

«ጠዋት ስፈትሸው አየሁት።»

«እንግዲያው አጫውተው።»

አጫወትኩት። በስልሳ አራት ዓመቴ፣ ነጭ ጓንት በአንድ እጄ፣ ስክሪኑ ፊት እየዘለልኩ። ቡጢው «ድሽ» ሲል ጉልበቴ «ቀጭ» ይላል። ሰይድ በሦስተኛው ዙር አስቆመኝ፣ «ደወሉን ረሳኸው» ብሎ። ሐያት እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። በአምስተኛው ትንፋሽ አጥሮኝ መቀመጫ ተደግፌ ተረኩ። ቀና ስል የሰይድ አንገት ቀጥ ብሏል። ፈንዲሻውን አልነካውም።

የመጨረሻው ዙር ላይ ደረስኩ።

«ፎጣ ያዡስ?» አለ ሰይድ።

«አለ።»

«የት ነው?»

«ጥግ ላይ ቆሟል።» ጆሮዬን አከክሁ። «ዱላው ሲበዛ ፎጣውን ሊወረውር ነበር፣ ግን አልወረወረም። እንደያዘው ነው።»

ሰይድ ዓይኑን ጨፈነ። ስሞቹ ሁሉ እስኪያልፉ እንደሚጠብቅ ሰው ቆየ። ከዚያ «ያው ነው» አለ፣ በደስታ። እጄን ያዘኝና «ቀጣዩ መቼ ነው?» አለ።

ዘጠኝ ቀን ቆይቶ ሞተ። ፊልሙ ለሕዝብ ሊከፈት አምስት ቀን ይቀረው ነበር። የወሎ ልጆች ተሸክመው፣ እኔም አንዱን ጫፍ ይዤ ቀበርነው። ከዚያ ፊልሙን ለሁለት ወር አሳየሁ። እዚያች ቦታ ሲደርስ ከመስኮቱ ዞር እላለሁ፤ አንገቶቹን ግን በየቀኑ አየሁ፣ አንድም የሚንቀሳቀስ የለም። ስለዚህ ጥያቄው ተመልሷል፤ አዎ፣ ስምንተኛው ክፍል አዲስ ነበር፣ ከሁሉም አዲስ። ምነው ባልሆነ።

በዚያው ዓመት ጡረታ ወጣሁ። ደብተሩ ውስጥ የዚያን ዕለት ቀን ብቻ ጽፌ፣ ስህተቱንና ምክንያቱን ባዶ ትቼ። ሐያትን በየበዓሉ አገኛታለሁ፣ እኔ የምኖርበት ኡፕላንድስ ቬስቢ ድረስ እየመጣች ትጠይቀኛለች። ስለዚያ ቀን አንስተን አናውቅም። እውነቱን ብነግራት ስህተቱን ለራሷ ትወስደዋለች፣ ካልነገርኳት ደግሞ እዋሻታለሁ፤ ይህን እያመነዠክሁ ዓመታት አለፉ።

ባለፈው ሳምንት ዘጠነኛው ወጣ። ሁለት ትኬት ገዛሁ፣ የኔን በጡረተኛ ቅናሽ፤ ሐያትን ጡረተኛ ናት ብል አያምኑኝም እንጂ ለሷም እሞክር ነበር። ደወልኩላት። ከዚያ ወዲህ ለማንም ሰው ሰዓት በአማርኛ ተናግሬ አላውቅም። በስዊድንኛ፣ ቁጥሩን ለይቼ፣ «ክሎካን ሴክስቶን» አልኳት፤ አስራ ስድስት ሰዓት ማለት ነው።

ሁልጊዜ በስዊድንኛ የምትመልሰው ልጅ፣ ቀስ ብላ በአማርኛ «አስር ሰዓት ማለትዎ ነው፣ ጋሼ» አለችኝ።

ስልኩን ዘግቼ ትኬቶቹ ላይ ያለውን ሰዓት ደግሜ አነበብኩ።

አስር ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው መጣች። በመሃላችን አንድ መቀመጫ ትተን ተቀመጥን። ግንበኛው አርጅቷል፤ ጥግ ላይ ሌላ ወጣት ፎጣ ይዟል፣ አያያዙን አያውቅበትም። ከፊልሙ ይልቅ የሐያትን አንገት ሳይ ነበር፣ የሥራ ልማድ ነው። ስሞቹ ሁሉ እስኪያልፉ አልተነሳችም። መብራት በራ።

«ሐያት፣ ያን ቀን ማሽኑ ደህና ነበር» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። መሃረቧን ስታጥፍ ቆየችና፣ «አባዬም ያውቅ ነበር» አለች።

የቱን እንደሆነ ጠየቅኋት፤ ሰዓቱን ነው ወይስ ፎጣ ያዡን?

«ሁለቱንም።»

አማርኛዋ እዚያ አለቀና ቀሪውን በስዊድንኛ ነገረችኝ። ወደ ሆስፒታል ሲመለሱ መኪና ውስጥ አባቷ የኛን ሰዓት አቆጣጠር አስተምሯታል፤ አራት ማለት አስር፣ አስር ማለት አስራ ስድስት። ስታለቅስ አንቺ ምን አጠፋሽ፣ ልክ የተባልሽው ሰዓት ነው ያመጣሽኝ ብሏታል። ለበቀለ እንዳትነግሪው ብሎም አስምሏታል፣ ላንቺ ብሎ የያዘውን ፎጣ አታስጥይው ብሎ። ስለ ፊልሙም ነግሯታል። በቀለ ሲዋሽ ጆሮውን ያካል ብሏት። ይህን ከወጣትነታችን ጀምሮ እንደሚያውቅ ለኔ አንድ ቀን ነግሮኝ አያውቅም።

«ሌላስ ምን አለ?» አልኳት።

ይህንን በአማርኛ ነገረችኝ፣ የአባቷን ድምፅ አውጥታ፤ «‹በቀለ ሊገድለኝ አልቻለም› አለ።»

ጣቢያ ድረስ ሸኘችኝ። ቤቴ ገብቼ ሰማያዊውን ደብተር አወጣሁ። እርሳሱን ቀረጽኩ። በስህተት ዓምድ «ፊልሙ ለተጠበቀው ተመልካች አልታየም» ብዬ ጻፍኩ። በምክንያት ዓምድ ደግሞ፦ «አጫዋቹ። ሰዓቱን በአማርኛ ተናገረ።»